«ሠራተኛዬን ሲያይ ይፈነድቃል፣ እኔን ሲያይ ዝም ይላል»

«ጤና ይስጥልኝ። 8 ወር የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ። እናቴ ገላን ጉራ ገባች፤ እግሯን ስለሚያማት እንደልቧ መመላለስ አትችልም። አርሳኝ፣ ክርስትናው ሲወጣ ተመለሰች። እዚህ የማውቀው ሰው የለም።

«የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ከገባሁ ቆየሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። ልጄን የምትይዘው ከጎጃም የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። ግን ልጄ እሷን ሲያይ ይፈነድቃል፤ እኔ ስገባ ዝም ብሎ ያየኛል። ልቀበላት ስል አንገቷ ሥር ይሸጎጣል። ሌሊት ግን ካላቀፍኩት አይተኛም። የባለቤቴ አክስት ‹በሰው እጅ ያደገ ልጅ የማን ልጅ ይሆናል?› አሉኝ። ባለቤቴ ሥራሽን ተይው ይላል፤ የቤቱ የባንክ ዕዳ ግን ገና ነው። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሕፃን እስከ 3 ዓመቱ እናቱ ብቻ ካልያዘችው አእምሮው ይጎዳል ሲሉ ሰማሁ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ‹አምጪልኝ ላጫውተው› ይሉኛል። እኔ ግን ዘመኑን ስለማላምን ሠራተኛዋን በሩን ቆልፈሽ ዋዪ ብያታለሁ። እውነት ልጄን እያጣሁት ነው? ላሰናብታት?

«የአራብሳዋ እናት»

እህቴ፣

መልሱን ላላስጠብቅሽ። ልጅሽን አላጣሽውም። ልጅቷንም አታሰናብቻት።

አሁን ቀስ ብለን እንነጋገር። ቡና ካለሽ ቅጂ።

ደብዳቤሽ መሃል ላይ «ሌሊት ግን ካላቀፍኩት አይተኛም» ብለሽ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ። እኔን ያስቆመኝ እሱ ነው። ሕፃን ልጅ ሆዱ ሞልቶ፣ ጤናው ተጠብቆ፣ በቀን ብርሃን ከማንም ጋር ይጫወታል። እንቅልፍ ሲመጣበት፣ ትኩሳት ሲይዘው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን የሚፈልገውን ሰው ይመርጣል። ልጅሽ በዚያ ሰዓት የሚመርጠው አንቺን ነው። አክስትየዋ ይህንን አላዩም፤ ሌሊት እናንተ ቤት የሉማ።

ማታ ስትገቢ ዝም ብሎ ማየቱስ? ከ6 ወር ወዲህ ሕፃናት የሚያውቁትን ከማያውቁት ይበልጥ ይለያሉ፤ ሰው ትቷቸው ሲሄድም ያስተውላሉ። አንቺ ጠዋት ተኝቶ ጥለሽው ትወጫለሽ። ማታ ከነጫማሽ፣ ከነቦርሳሽ፣ የታክሲውን ግፊያ እንደያዝሽ ትገቢና እጅሽን ትዘረጊለታለሽ። እሱ ቀኑን ሙሉ ከዋለበት እቅፍ ወደ ሌላ ለመዞር ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። አንቺን ለመቅጣት አስቦ አይደለም፣ እሷን ለመምረጥም አይደለም።

ነገ ስትገቢ ልጁን አትንጠቂያት። እጅሽን ታጠቢና አጠገባቸው ቁጭ በይ። «ዛሬ ምን ሲያደርግ ዋለ?» ብለሽ ልጅቷን ጠይቂያት። እሷ ድንቹን እንዴት እንደተፋው፣ ጠረጴዛውን ይዞ ለመቆም እንዴት እንደታገለ ስታወራሽ እሱ ሁለታችሁን እያፈራረቀ ያያል። ድምፅሽን ይሰማል፣ ጠረንሽ ይደርሰዋል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይንፏቀቃል ወዳንቺ። ጠዋትም ቀስቅሰሽ አጥቢውና «ሄጄ እመጣለሁ» ብለሽው ውጪ። ተደብቆ መውጣት ለቅሶ ያስቀራል ይባላል። የሚቀረው አንቺ ለቅሶውን መስማትሽ ነው።

ወደዚያ ቪዲዮ ልምጣ። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ጆን ቦልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት አልባ ስለሆኑ ልጆች ለዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሪፖርት አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ወጣ። በማሳደጊያ ውስጥ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ የእኔ የሚለው ቋሚ ሰው ሳይኖረው ያደገ ልጅ ክፉኛ እንደሚጎዳ አሳየ። ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ቦልቢ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰው፣ ይልቁንም ለእናት፣ ትልቁን ቦታ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ እያጋነነ «እናት ብቻ» ላይ አደረሰው። ማንም የሌለው ልጅና እናትም አባትም አያትም ሞግዚትም ያለው ልጅ እንዴት አንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ?

እ.ኤ.አ. በ1964 ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ስኮትላንድ፣ ግላስጎ ከተማ ውስጥ 60 ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄዱ ተከታትለዋል። አብዛኞቹ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የተጣበቁት 13 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት አባትን፣ አያትን፣ ታላላቆቻቸውን፣ ጎረቤትን ጨምረዋል። አንቺን የሚመለከተው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ ልጆቹ ይበልጥ የተጣበቁት የግድ ረጅም ሰዓት አብሯቸው ከሚውለው ሰው ጋር አልነበረም። ሲጠሩት ከሚሰማቸው፣ ሲያለቅሱ ነገሩ ገብቶት ከሚመልስላቸው ሰው ጋር ነበር። የአንቺ ሌሊት እዚህ ላይ ይቆጠራል።

አሁን ትንሽ ራቅ አድርጌ ልውሰድሽ፤ ትመለሻለሽ።

ዴሞክራቲክ ኮንጎ ውስጥ ኢቱሪ የሚባል ትልቅ ደን አለ። እዚያ ከሚኖሩት መሃል ኤፌ የሚባሉ በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ፣ ጊልዳ ሞሬሊና ባልደረቦቻቸው ሰፈራቸው ድረስ ሄደው ሕፃን እንዴት እንደሚያሳድጉ ቁጭ ብለው አዩ፣ መዘገቡ። ሕፃኑ ገና ሲወለድ ጀምሮ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ይይዙታል። የምታጠባ ሴት ካለች ጡቷን ትሰጠዋለች። 4 ወር ገደማ ሲሆነው ቀኑን 60 በመቶ ያህል የሚያሳልፈው ከእናቱ ሌላ ሰው እቅፍ ውስጥ ነው። አንዱን ሕፃን የሚይዙት ሰዎች በአማካይ 14 ነበሩ። አሥራ አራት! አንቺ ጋ አንዲት ልጅ ብትጨመር ነው አክስትየዋ ፍርድ ቤት የተቀመጡት። ማታ ግን የኤፌ ሕፃን የሚተኛው ከእናቱ ጋር ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ግራ የገባው ሰው የለም።

በኮንጎ ሪፐብሊክ ሰሜን ደግሞ ባያካ የሚባሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት የ18 ሕፃናትን ቀን ተከታትሏል። ልጆቹ በቀን 9 ሰዓት ያህል የሚያቅፋቸው ወይም ከአጠገባቸው ሆኖ የሚንከባከባቸው ሰው ነበራቸው። እየተፈራረቁ የሚይዟቸው ሰዎች አንዳንዴ ከ10 ይበልጣሉ። ሲያለቅሱም ብዙውን ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው ይደርስላቸዋል። አንድ እናት ብቻዋን ይህንን ትችላለች? ምግብ አይበስልም፣ ውኃ አይቀዳም፣ እሷም ሽንት ቤት አትሄድም።

ሁሉም ጋ እንዲህ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በደቡባዊው አፍሪካ፣ በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩ የኩንግ እናቶች ልጃቸውን አብዛኛውን ቀን ራሳቸው ይሸከማሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ያጠባሉ። ስለዚህ «የተፈጥሮ ሕግ ይህ ነው» ብሎ አንዱን መንገድ የሚሰብክሽን ሰው፣ ቪዲዮውም ይሁን ማንም፣ ጠርጥሪው። እናት ጥሩ የምትሆንበት መንገድ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን እውነት ይመስለኛል። ቺምፓንዚ እናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጇን ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። የምትወልደውም በ5 እና በ6 ዓመት አንዴ ነው። በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ሴቶች በ3 እና በ4 ዓመት ልዩነት ይወልዳሉ። የሰው ልጅ ደግሞ ራሱን እስኪችል ስንት ዓመት ይፈጃል! አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ልጅ አመጣጥና አኗኗር የምታጠና) ሳራ ብላፈር ሄርዲ «ይህ ያለ ረዳት የሚቻል አልነበረም» ከሚሉት አንዷ ናት። የሰው ሕፃን ገና ከጥንቱ ለብዙ እቅፍ የተዘጋጀ ነው ባይ ናት። ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲስቅ ያየሽው ሕፃን ካለ ነገሩ ይገባሻል።

ይህንን ስጽፍልሽ «እንግዲህ እኔም ልክ ነኝ» ብለሽ ልትተነፍሺ ነው። ትንሽ ቆዪ። የምቆጣሽ ነገር አለ።

«በሩን ቆልፈሽ ዋዪ» ነው ያልሻት? ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 1 ሰዓት?

ኤፌ ሰፈር ውስጥ ሕፃን የያዘች ልጃገረድ ብቻዋን አይደለችም። እናትየዋ እዚያው እሳት ታነዳለች። አያቲቱ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ቢያስቸግራት ለሚቀጥለው ሰው ታቀብለዋለች። ደከመኝ ማለት አያስፈልጋትም፤ ፊቷን አይቶ የሚቀበላት አለ። አንቺ ቤት ግን አንዲት የ19 ዓመት ልጅ፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው ሳታናግር ግማሽ ቀን ትውላለች። ልጁ ለሁለት ሰዓት ቢነጫነጭ ለማን ታቀብለው? እሷን ራሷን ቢያዞራትና ብትወድቅ ማን ያውቃል? ብቸኝነቱን ከራስሽ ላይ አንስተሽ እሷ ላይ ነው የጫንሽው።

ሌላም አስተዋልኩ። ደብዳቤሽ ውስጥ የባንክ ዕዳሽ አለ፣ የአክስትየዋ ንግግር ቃል በቃል አለ፣ የልጅቷ ስም ግን የለም። «ሠራተኛዋ» ነው ያልሽው። ስለዚህ እኔም «ልጅቷ» እያልኩ ልቀጥል። ልጅሽ ግን ስሟን ቀድሞ ቢጠራ አትገረሚ፤ ልጆች አጠገባቸው ያለውን ሰው ስም ነው የሚለምዱት። ያን ቀን ሆድ ይብስሻል። ልክ ነሽ፣ ይብሳል። ማታ ትንሽ አልቅሺና ጠዋት ለሁለታችሁም ሻይ አፍዪ።

የሁለተኛ ፎቋ እናት ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ዘመኑን አለማመንሽን አልነቅፍም። ኮንዶሚኒየም ከሰፈር ይለያል። ካዛንቺስ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ይጠጣል፣ ማን ይሰርቃል፣ ሁሉም ይታወቅ ነበር። እዚህ ግን ከደረጃው ሌላ የሚያገናኛችሁ የለም። ስለዚህ እምነቱ ከባዶ ነው የሚሠራው፤ ከባዶ መሥራት ደግሞ ይቻላል።

መጀመሪያ እሑድ ቡና ጥሪያቸው። ብቻቸውን ሳይሆን ከፊት ለፊት በር ካለችው ሴት ጋር። ብሎኩ ዕድር ካለው ግቢ፤ ከሌለው ኮሚናል አጠገብ እንጀራ የሚጋግሩትን ሴቶች ጠይቂ፣ የማን ማንነት እዚያ አይደበቅም። እኚህ እናት ልጅ አሳድገዋል? ቤታቸው ማን ማን ይገባል? ቀጥሎ ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዘሽ አንቺ ራስሽ ቤታቸው ውረጂ። ሲይዙት እያቸው። ሲያለቅስ ምን ያደርጋሉ? ይሳደባሉ? ይቆጣሉ? ወዲያው ጣፋጭ አፉ ውስጥ ይከታሉ? ወይስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወዲያ ወዲህ ይላሉ? ልብሽ ካረፈ ልጅቷ በየቀኑ 4 ሰዓት ላይ ልጁን አዝላ ትውረድ፣ አብረው ይቀመጡ፣ አንድ ሰዓት ቆይታ ትመለስ። ልጁን ለእሳቸው ጥላ መሄድ አይደለም፤ አብረው መሆን ነው። ልጅቷም ፈታ ትላለች፤ አንድ ትልቅ ሰው «በልተሻል?» ይላታል።

ሕግሽን ግን ከመጀመሪያው ተናገሪ፣ ሳታፍሪ። ከቤት ከሚላከው ሌላ ምግብ አይሰጠውም። አፉ ላይ አይሳምም። ያሳለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አይቅረበው። በረንዳ ላይ ይዘውት አይቁሙ። የደረጃውን ነገር ደግሞ አደራ፤ ልትንፏቀቅ የጀመረች ነፍስ የኮንዶሚኒየም ደረጃ አይታ አታመነታም። ድሮ ጎረቤት ጡት ትሰጥ ነበር፤ አሁን በጡት የሚተላለፍ በሽታ ስለሚታወቅ ያ ይቅር። አልበሽ የምትተዪለት ከሆነ ልጅቷ ይህን ትወቅ፦ የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጪ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ለ4 ቀን ይቆያል። መብራት ከጠፋ ግን አራት ቀኑን እርሺው።

እናትሽንስ? «እግሯን ስለሚያማት አትረዳኝም» ማለትሽ ይመስላል። ታንዛኒያ ውስጥ ኢያሲ ሐይቅ አካባቢ ሃድዛ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ክሪስተን ሆክስ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እዚያ ያዩት አሮጊቶቹ ቀኑን ሙሉ ሥር ሲቆፍሩ ነው። እናት አዲስ ሕፃን ስትይዝ ምግብ ፍለጋ የምታጠፋው ጊዜ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የታላላቆቹ ልጆች ክብደት የሚከተለው አያታቸው ቆፍራ የምታመጣውን ነው። እዚህ አገራችን፣ አርሲ ገጠር ውስጥ፣ ምሃሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ የሠሩት ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። የእናታቸው እናት ያለችላቸው ልጆች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። አያቶቹ በዋናነት የሚያግዙት ደግሞ ልጅ በመያዝ አልነበረም፤ ከባዱን የቤት ሥራ ከልጆቻቸው ላይ በማንሳት ነበር። እናትሽ ገላን ጉራ ተቀምጣ ሽሮሽን፣ በርበሬሽን፣ የአጥሚት እህልሽን ካዘጋጀችልሽ ልጅሽን እያሳደገች ነው። ቅዳሜ ሄደሽ ስትወስጂ ልጁን ይዘሽ ሂጂ። ለእሷም ጉልበቷ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። «ሥራሽን ተይው» ቀላል ንግግር ነው፤ ተናጋሪው የሚተወው ነገር የለማ። በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ አካ የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ ባሪ ሂውሌት የተባለ አንትሮፖሎጂስት ብዙ ዘመን አብሯቸው የሠራ። የአካ አባቶች ከ24 ሰዓቱ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ወይ ልጃቸውን ይዘው ወይ እጃቸው በሚደርስበት ርቀት ላይ ናቸው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው፤ የልጁን ዓይን ቀለም እንኳ ሳያዩ ያልቃል። ባልሽ ከአካ አባት ጋር ይፎካከር አልልም። የማታውን ገላ ማጠብ ግን ይውሰድ። ሙሉ በሙሉ፤ ውኃ ከማሞቅ እስከ ፎጣ ማጠብ። «እርጂኝ» ቢልሽ «ትችላለህ» በይውና ኩሽና ግቢ። መጀመሪያ ሳምንት ውኃው ይበርዳል፣ ልጁ ይጮሃል፣ ቤቱ ይረጥባል። ዝም በይ። ብዙ እናቶች አባትየውን የሚያባርሩት እዚህ ላይ ነው፤ ሳሙና ስለተሳሳተ።

ሥራ መተውን በተመለከተ ምርጫው የአንቺ ነው። ቤት መዋል ብትፈልጊና ኪሳችሁ ቢችል ማንም አይፈርድብሽ። ነገር ግን «ልጄ ተጎዳ» በሚል ፍርሃት አትተዪው፣ ምክንያቱም ከጻፍሽው ውስጥ የተጎዳ ልጅ አላየሁም። የተጎዳ ልጅ ሌላ ነው። ክብደቱ ይቆማል። ለማንም አያለቅስም፣ ለማንም አይስቅም። የሚይዘውን ሰው ሲያይ ይሸማቀቃል፤ ሰውነቱ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ምልክት ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ለእኔ አትጻፊ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የአንቺው ግን ይፈነድቃል።

የቀረው ስለልጅቷ ነው፤ የምፈራልሽም እዚህ ላይ ነው። ያ ቦልቢ ያልኩሽ ሐኪም ራሱ በሞግዚት ነው ያደገው። 4 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞግዚቷ ከቤታቸው ለቃ ሄደች። ካደገ በኋላ፣ እንዲህ ያለ መለየት ለልጅ እናትን የማጣት ያህል ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። እናቱ እዚያው ቤት ነበሩ እኮ። ልጅን የሚጎዳው የሚወደው ሰው መብዛቱ አይደለም፤ ድንገት መጥፋቱ ነው። አንቺ በቅናት ተነስተሽ ብታሰናብቻት ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው። ከዚያ ሌላ ታመጫለሽ፣ እሷም ስድስት ወር ቆይታ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ሌላ ትመጣለች። እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል።

እንድትቆይልሽ ከፈለግሽ የምትቆይበትን ምክንያት ስጫት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ነው ያለፈው። ስለዚህ የእረፍት ቀኗን፣ የደመወዟን ጭማሪ የሚወስነው በአብዛኛው የአንቺ ሕሊና ነው። እሑድ ሙሉ ቀን የራሷ ይሁን። መማር ከፈለገች ማታ ትማር፤ ያን ሰዓት እናንተ ቤት ናችሁ። ልጁ ሲታመም ለሐኪሙ የምትናገረው እሷ ትሁን፣ ቀኑን ያየችው እሷ ናትና። ሰው ፊት «ልጄን ያሳደገችልኝ» በያት። ስትሰማው ታያለሽ ፊቷን።

ለፋሲካ አገሯ መሄዷ አይቀርም። ዝም ብለሽ አትላኪያት። ከመሄዷ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ የምትተካት ሰው፣ የሁለተኛ ፎቋ እናትም ይሁኑ የእህትሽ ልጅ፣ ከእሷ ጋር አብራ ትዋል። ልጁ ሁለቱንም እያየ ይልመድ። በሄደች ማግስት አንቺም ሁለት ቀን ፈቃድ ውሰጂና ቤት ዋዪ። ማታ ማታ ደውላ ድምፅዋን ታሰማው። የመመለሻ ትኬቷን ደግሞ ከመሄዷ በፊት አንቺ ቁረጪላት።